ከወገብ በላይ ያነሣኋቸው

ግንባር የገባሁ ቀን የተሰጠኝ የመጀመሪያ ሥራ ቃሬዛ ማጠብ ነበር። ከጌዴኦ፣ ከጨለለቅቱ ስነሣ የስምንት ዓመት ነርስ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነው። ከትቤአለሁ፣ አዋልጃለሁ፣ ወባ የሚያንቀጠቅጠውን ሰው ይዣለሁ። ጥይት የመታው ሰው ግን አይቼ አላውቅም ነበር። የነርሶቹ ኃላፊ ሃምሳ አለቃ አልማዝ የምደባ ወረቀቴን አጥፋ ኪሷ ከተተችና ባልዲና ብሩሽ አቀበለችኝ።

“መጀመሪያ የሚተኙበትን እወቂ። የሚተኙትን ነገ ታውቂያቸዋለሽ” አለችኝ።

አሥራ አራት ቃሬዛ አጠብኩ። ሁለቱን በሙቅ ውሃ አበላሸሁ። ደም በቀዝቃዛ ውሃ እንጂ በሙቅ አይለቅም፤ ሸራው ላይ ይበስልና ይቀራል። ይህን ትምህርት ቤት አልነገሩኝም። አልማዝ መጥታ አየችና ራሷን ነቀነቀች። “ከታጠበ ቡና አገር መጣሁ አላልሽም? ማጠብማ እንዴት ያቅትሻል?” አለች።

የዚያን ቀን ፎቶ አለኝ። ያነሣኝ የአምቡላንሱ ሾፌር ማሞ ነው። ድንኳን በር ላይ ባልዲ ይዤ ቆሜአለሁ፤ ቦት ጫማው ሁለት ቁጥር ይበልጠኛል። ፊቴ ይስቃል። ምን እንዳሳቀኝ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ካሜራ ሲደገንበት የማይስቅ ሰው ጥቂት ነው።

ካሜራው የአጎቴ ነበር። አጎቴ ዲላ ውስጥ ሠርግና ምረቃ እየዞረ የሚያነሣ ሰው ነው። አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ለእኔ ሰጠኝ። አንድ ፊልም ሠላሳ ስድስት ያነሣል። ፊልም የሚታጠብበት ከተማ ከእኛ የግማሽ ቀን መንገድ ስለሆነ፣ አንዱ ፊልም አልቆ፣ ማሞ ከተማ ወርዶ አሳጥቦት እስኪመለስ ሁለት ወርም ሦስት ወርም ይፈጃል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ የመጣው ጣጣ ከዚህ ነው የመጣው።

የሠራሁበት የግንባር ሆስፒታል ሕንጻ እንዳይመስላችሁ። ሦስት ትልልቅ ድንኳኖች ነበሩ፤ አንዱ ቁስለኛ የሚለይበት፣ አንዱ የኦፕራሲዮን፣ አንዱ የማገገሚያ። ከፊት ለፊቱ አንድ ግራር ነበር። ውጊያ በበረታ ቀን አልማዝ ልየታው በር ላይ ትቆማለች። “ቀኝ” ካለች ቁስለኛው ቶሎ ኦፕራሲዮን ይገባል። “መሃል” ካለች ተራውን ይጠብቃል። “ግራ” ካለች ግራሩ ጥላ ሥር ይተኛል፤ ውሃና የሕመም ማስታገሻ ይሰጠዋል፣ ሌላ ነገር አይደረግለትም። ከዚያ የተነሣ ሰው አላስታውስም።

አንድ ቀን ከግራሩ ሥር አንዱን አንሥቼ መሃል አስገባሁት። ዓይኑ የወንድሜን ዓይን መስሎኝ ነው። ልጁ ከምሳ በፊት ሞተ። አልማዝ አልጮኸችብኝም። “ለእሱ አዘንሽለት፤ ተራውን የወሰድሽበትን ልጅስ አይተሽዋል?” ብላ ብቻ አለፈች። ሄጄ አየሁት፤ በሕይወት ነበር፤ ግን እጁን ማዳን የሚቻልበት ሰዓት አልፎበት ነበር። የግራሩ ፎቶ አለኝ፤ ሰው የለበትም።

ቁስለኞቹን ፎቶ ማንሣት የጀመርኩት ተለምኜ ነው። አንዱ ካሜራዬን አየና “ሲስተር፣ አንሺኝና ለእናቴ ላኪልኝ፤ ሬዲዮ ስትሰማ ትሞትብኛለች” አለኝ። አነሣሁት። በማግስቱ አራት ሆኑ። አልማዝ “የመጣነው ልናክም ነው ልንድር?” ብላ ቀለደች፤ ወሬው ግን ከሆስፒታሉ አዛዥ ጆሮ ደረሰ። አዛዣችን ሻለቃ ሐኪም ነው፤ ከኦፕራሲዮን ወጥቶ እጁን እየታጠበ አስጠራኝ።

“ካሜራ አለሽ አሉ።”

“አለኝ፣ ሻለቃ።”

“ምን ታነሺበታለሽ?”

“የለመነኝን። ለእናቶቻቸው ይላክልን ይላሉ።”

እጁን አድርቆ ጨረሰ። ካሜራው ተወረሰ ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። “እንግዲያው ከወገብ በላይ” አለ። “ፋሻ አይታይ። ደም አይታይ። የት እንዳለን የሚናገር ጽሑፍ አይታይ። እናት የምታየው ነገር ነው።”

ያኔ ደግ ትዕዛዝ መስሎኝ ነበር። ደግነቱን አሁንም አልክድም።

ማሞ ጦር ሜዳ መሃል ሸሚዝ የሚተኩስ ሰው ነበር። እዚህ ግንባር የተኮስከው ሸሚዝህን ብቻ ነው እያልን እንስቅበት ነበር። ፎቶ ለሚነሣው ሁሉ ያቺን ሰማያዊ ሸሚዙን ያውሳል። እኔ ብርድ ልብስ እስከ ወገብ አለብሳለሁ። እጁ የተቆረጠውን እጅጌውን ወደ ኋላ አጥፌ እጁን ከጀርባው ያደረገ አስመስለዋለሁ። አንድ ዓይኑ የታሸገውን በደህናው በኩል አዞረዋለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ ቶሎ ግን ለመድኩት። ዛሬ ፎቶዎቹን ስደረድራቸው አሥራ ዘጠኝ ሰው በአንድ ሸሚዝ ይታየኛል። ስንቶቹ እንደተረፉ አላውቅም። ከግንባር ኋላ ወዳለው ሆስፒታል የላክነው ቁስለኛ ምን እንደሆነ ተመልሶ የሚነግረን አልነበረም።

የአንዱን ግን አውቃለሁ። ታሪኩ ይባላል፤ ከይርጋጨፌ አጠገብ የኮንጋ ልጅ ነው። ሰኔ ላይ ገባ። ፈንጂ የግራ እግሩን በልቶታል፤ ሻለቃው ከጉልበት በላይ ቆረጠለት። ከማደንዘዣው ሲነቃ በጌዴኦኛ ሲቃዥ ሰማሁት። እኔ አባቴ ከሰሜን የመጣ አስተማሪ ቢሆንም ጨለለቅቱ ተወልጄ ያደግሁ ነኝና በጌዴኦኛ መለስኩለት። ዓይኑን ከፈተ።

“የት ነኝ? ዲላ ነኝ እንዴ?” አለ።

“ዲላማ ብትሆን እኔም ደስ ባለኝ” አልኩት።

የጨለለቅቱ ልጅ መሆኔን ሲሰማ፣ እግሩ የሄደው ይህ ልጅ፣ ሳቀ። “እናንተ አይደላችሁ ቡናችሁን በእኛ ስም የምትሸጡ?” አለኝ። የይርጋጨፌ ሰፈር ሰው የጨለለቅቱን ሰው ሲያገኝ የሚለው የተለመደ ቀልድ ነው። ሰደብኩት። ሁለት ቀን እንደዚያ ተሰዳደብን። በዚያ ድንኳን ውስጥ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ይህን ማለት አሁንም ያሳፍረኛል።

ታሪኩ የዘመተው ከእናቱ ተጣልቶ ነው። “ከሄድክ በሬ ይዘጋብሃል” ብላዋለች። ምርቃቷን ሳያገኝ ወጣ። ፎቶ አንሺኝ ሲለኝ ከጀርባው የሚጻፈውን ቃል በቃል ነገረኝ፤ እጁ ተጎድቶ ስለነበር መጻፍ አይችልም። “እማዬ፣ ደህና ነኝ። ቡናው ሳይለቀም እመጣለሁ። በሩን እንዳትዘጊብኝ” በይልኝ አለ። የማሞን ሸሚዝ አለበስኩት፤ ድንኳኑ ምሰሶ ላይ አስደግፌ አነሣሁት።

“ሁለት አንሺ፤ አንዱ ባይወጣስ?” አለኝ።

“ፊልም የለኝም፤ አንተ ብቻ አይደለህ!” አልኩት። ፊልምስ ነበረኝ፤ ሰስቼ ነው።

በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ጠራኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ሲስተር፣ አፈርኩብሽ። ሳላውቀው ሸናሁ መሰለኝ፤ ሥሬ ረጥቧል” አለኝ። ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። ሽንት አልነበረም። የታሰረው የደም ሥር ተፈትቷል። በሁለት እጄ ተጫንኩት፤ ጮህኩ፤ ማሞና አልማዝ ቃሬዛ ይዘው ሮጡ። በማገገሚያውና በኦፕራሲዮኑ ድንኳን መካከል ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። አልደረስንም።

በማግስቱ ከመቃብሩ ራስጌ በቆርቆሮ ላይ ስሙንና የሞተበትን ቀን ጽፈው ተከሉ። ያን አነሣሁት። የነፈግሁትን ሁለተኛ ፎቶ መክፈሌ ነበር መሰለኝ።

ፊልሙ ያለቀው ነሐሴ ላይ ነው። ማሞ አሳጥቦ አመጣው። ባዶ የመድኃኒት ሣጥን ላይ ተቀምጬ ከየፎቶው ጀርባ ባለቤቱ ያለኝን እጽፍ ጀመር። የታሪኩ ጋ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። ለአልማዝ አሳየኋት።

“ቃል ገብተሽለታል?” አለች።

“ገብቻለሁ።”

“ላኪው። መርዶው እስካሁን ደርሷቸዋል። ማስታወሻ ይሆናቸዋል።”

የመቃብሩን ፎቶ አስቀረሁት፤ ለእናት መቃብር አይላክም ብዬ። ሕያው የሚመስለውን መረጥኩላት። የነገረኝን ቃል አንድም ሳላጎድል ጻፍኩ። ከሥሩ ደብዳቤ እንደሚጻፈው የዕለቱን ቀን አስቀመጥኩ፤ ነሐሴ ብዬ። እጄ በልማድ ነው የጻፈው፤ ምንም አልታየኝም። ለፈቃድ ወደ ይርጋጨፌ ለሚወርድ ወታደር ሰጠሁት። ቃሌን ፈጸምኩ ብዬ ቀለለኝ።

ያላወቅነው፣ ለቤተሰብ መርዶ የሚነገረው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ መሆኑን ነው።

ጦርነቱ አልቆ ስሰናበት ዲላ ሆስፒታል ገባሁ። ቁስል ማጠቢያ ክፍል ተመደብኩና እዚያው አረጀሁ። የተቃጠለ ሕፃን፣ ገጀራ የቆረጠው ገበሬ፣ ከሞተር የወደቀ ጎረምሳ፣ ሁሉም በእጄ አልፏል። ስለ ግንባር አላወራም። ፎቶዎቹን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩባቸው።

አሥራ ስምንት ዓመት እንደዚያ ሄደ። አንድ ቀን ደረጀ የሚባል ሰው እናቱን አዝሎ ወደ ክፍሌ ገባ። ከኮንጋ በሞተር፣ ከይርጋጨፌ በሚኒባስ አምጥቷታል። እማማ በቀለች ስኳር አለባት። ቀኝ እግሯ ላይ ሁለት ጣቶች ጠቁረዋል፤ ሽታው ከበሩ ይቀበላል። ሐኪሙ አይቶ፣ ሳይውል ሳያድር ሐዋሳ ሄዳ እግሩ እንዲቆረጥ ሪፈር ጻፈላት። እምቢ አለች። ሌላ ቦታ አላድርም አለች። በሳምንት ሁለት ቀን ቁስሉ እየታጠበላት ቤቷ እንድትመለስ ሆነ።

በጌዴኦኛ ሳናግራት በአማርኛ ነው የምትመልስልኝ። ሆስፒታል የአማርኛ ቦታ ነው የምትል ይመስለኛል። አማርኛዋ ደግሞ ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔን “አንተ” ነው የምትለኝ፤ ወድጄላት ነበር።

በሁለተኛው ቀን “እማማ፣ ለምን ሐዋሳ አይሄዱም? እግር ከሕይወት አይበልጥም እኮ” አልኳት።

“ሲስተር፣ አንተ እጅህ ጥሩ ነው፤ እዚህ እጠበኝ” አለች። “እኔ ቤት ትቼ አልሄድም። ልጄ ይመጣል። መጥቶ በሩን ዝግ ቢያገኘው እናቴ አልማረችኝም ይላል።”

ከብብቷ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጣች፤ ፈታችና ሰጠችኝ። መጀመሪያ ያየሁት የማሞን ሸሚዝ ነው። ቀጥሎ ፊቱን። ገለበጥኩት። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው።

“ያንብበው ደረጀ” አለች፤ ደረጀ ማንበብ አላስፈለገውም፤ በቃሉ ወጣው። “እማዬ፣ ደህና ነኝ። ቡናው ሳይለቀም እመጣለሁ። በሩን እንዳትዘጊብኝ።”

“ኋላ ሰዎች መጡ፤ ሞተ አሉ” ብላ ቀጠለች። “ወረቀታቸው ሰኔ ይላል። ይኸው ነሐሴ ላይ ደህና ነኝ አለ። የሞተ ሰው ይጽፋል ወይ? አንተ ተምረሃል፤ ንገረኝ፤ የሞተ ሰው ይጽፋል?”

ደረጀ እኔን አየኝ። “ተያት ሲስተር፤ ስንት ሽማግሌ ሞክሯታል” አለ። መርዶ ይዘው የመጡትን የቀበሌ ሰዎች፣ ተከትለው የመጡትን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች፣ ሁሉንም ከደጇ መልሳቸዋለች። የለቅሶ ድንኳን አልተተከለም። ጎረቤት በየቤቱ አልቅሶለታል፤ እሷ ቤት ግን እንባ ክልክል ነው። “እኔም ለወንድሜ አልቅሼ አላውቅም” አለኝ፤ “ካለቀስኩ ቤቴን ልቀቅ ትለኛለች።”

እኔ ምን አደረግሁ? ፎቶውን በፌስታሉ ጠቅልዬ መለስኩላት። ፒንሳዬን አንሥቼ የሞተውን ሥጋ ከጣቶቿ መካከል ማንሣት ቀጠልኩ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ተጽናናሁበት። ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ እገባለሁ፤ ፊቷን ሳይ ለሚቀጥለው ቀጠሮ አስተላልፋለሁ። ሐዘኑ ልቧን ያቆመዋል እያልኩ ለራሴ ሐኪም ሆንኩ። እውነቱ ሌላ ነው፤ ፈርቼ ነው። “አንተ እጅህ ጥሩ ነው” የምትለኝ ሴት ምን እንደምትለኝ መስማት አልፈለግሁም። ስምንት ጊዜ ቁስሏን አጠብኩ። አንድ ወር ሞላ። ጥቁረቱ ከጣቶቿ ወደ መሀል እግሯ፣ ከመሀል እግሯ ወደ ቁርጭምጭሚቷ ሄደ።

በስምንተኛው ቀጠሮ ሐኪሙ ደረጀን ወደ ጎን ጠርቶ “በዚህ ሳምንት ካልተቆረጠ ስለ እግሯ ሳይሆን ስለ ሬሳዋ ነው የምናወራው” አለው። ደረጀ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ።

“ያን ፎቶ ያነሣሁት እኔ ነኝ። የጻፍኩትም እኔ ነኝ” አልኩት። ሁሉንም ነገርኩት።

“ወር ሙሉ እግሯን ስታጥቢ ታውቂ ነበር?” አለኝ።

“አውቅ ነበር።”

እንዲመታኝ ፈልጌ ነበር፤ አልመታኝም። “እዚህ እንዳትነግሪያት። መርዶ በቤት ነው የሚነገረው። ቅዳሜ ጠዋት ኮንጋ ነይ” ብሎኝ እናቱን ሊያዝል ገባ።

ቅዳሜ ማለዳ ሄድኩ። ከዋናው መንገድ በሞተር፣ ከዚያ በእንሰትና በቡና መካከል በእግር። ሽማግሌዎቹ ከቤቱ ጀርባ እንሰቱ ውስጥ ቆመው ይጠብቃሉ፤ መጀመሪያ እኔ እንድገባ ደረጀ ነግሯቸዋል። በሩ ክፍት ነው። ከሥሩ ድንጋይ ተደግፎበታል፤ ከብዙ ዓመት በኋላ መዝጋት ቢፈለግም የሚዘጋ አይመስልም፤ ሳንቃው ተጣሞ መሬት ይዟል።

ቤቷ ውስጥ በጌዴኦኛ ነው ያወራነው።

“ሲስተር! አሁንማ ቤቴ ድረስ መጥተሽ ልታጥቢኝ?” አለች ተደስታ።

መሬት ላይ ከእግሯ ሥር ተቀመጥኩ። “እማማ፣ ከታሪኩ ፎቶ ጀርባ ያለው ጽሑፍ የእኔ እጅ ነው። ቃሉ የእሱ ነው። እሱ ነገረኝ፣ እኔ ጻፍኩ።”

“አንቺ ልጄን ታውቂዋለሽ?”

“አክሜዋለሁ።”

“ነሐሴ ላይ?”

“ሰኔ ላይ። ነሐሴ የጻፍኩበት ቀን ነው። ስጽፈው እሱ አልነበረም። ስህተቱ የእኔ ነው፣ እማማ። ሰዎቹ ያመጡት ወረቀት እውነት ነው። እጄ ላይ ነው የሞተው።”

የመቃብሩን ፎቶ አወጣሁ። ደረጀ ቆርቆሮው ላይ ያለውን ስምና ቀን ጮክ ብሎ አነበበ። እሷ ፎቶውን ወደ ብርሃኑ ይዛ ወጣች ገባች፤ በዚያ እግሯ። ተመልሳ ተቀመጠች።

“ምኑን ነው የተመታው?”

“እግሩን። ተቆርጦ ነበር።”

እሷ ዘንድ ያለውን የታሪኩን ፎቶ አወጣችና አጠገቡ አደረገችው። “እዚህ ላይ ለምን አይታይም?”

“ከወገብ በላይ ነው የማነሣው። እናቶች እንዳይደነግጡ።”

“አልቅሶ ነበር?”

“አላለቀሰም። አፍሮ ነበር። ደሙ ሥሩን ሲያረጥበው የሸና መስሎት፣ አፈርኩብሽ አለኝ። ቶሎ ነው የሄደው። አልተሠቃየም።”

አልተሠቃየም ያልኩት እውነት ነው፤ እሷ ግን የሰማችው የፊተኛውን ይመስለኛል። በትንሽነቱ መኝታውን ሲያረጥብ ጠዋት ከቤት ጠፍቶ ቡናው ውስጥ ይደበቅ እንደነበር ለደረጀ ነገረችው። “አፍሮ ነበር” ብላ ደገመችው። ከዚያ ተነሥታ ደጃፉ ላይ ቆመች፤ በሙሉ ድምፅዋ ስሙን ጠራች። እንዲህ ያለ ጩኸት በግንባርም አልሰማሁም። ሽማግሌዎቹ ከእንሰቱ ወጡ፤ የጎረቤት ሴቶች ከየአቅጣጫው እየጮኹ መጡ። ደረጀ አርባ የደረሰ ሰው ነው፤ መሬት ላይ ተንከባሎ አለቀሰ።

ለቅሶው መሃል አስጠራችኝ። እንድታቅፈኝ ወይም እንድትረግመኝ ጠበቅሁ። “ሰው ሁሉ አለቀሰለት፤ እኔ እናቱ ቀረሁ። አንቺ ነሽ ያስቀረሽኝ” አለችኝ። ድምፅዋ ላይ ቁጣ አልነበረም። ከለቀስተኛው ፊት ቆሜ አሟሟቱን እንድናገር አዘዘችኝ፤ አንድም ሳልደብቅ ተናገርኩ። በወታደርነቴም በነርስነቴም ያን ያህል ሰው ፊት ቆሜ አላውቅም።

ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጠች። በአራተኛው ቀን እሷው ራሷ ለደረጀ “ሐዋሳ ውሰደኝ” አለችው። እግሯ ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ኦፕራሲዮኑ ደህና ነበር። መመረዙ ግን ቀድሞ ወደ ደሟ ገብቶ ኖሯል፤ በሰባተኛው ቀን ሞተች። ሐኪሞቹ ከአንድ ወር በፊት መጥታ ቢሆን ትድን ነበር ብለውታል፤ ደረጀ ቀብሩ ላይ ነገረኝ። ሊወቅሰኝ አልነበረም፤ የተባለውን ነው የነገረኝ። ያ አንድ ወር እኔ ዝም ያልኩበት ወር ነው።

ባለፈው ዓመት ጡረታ ስወጣ የክፍሉ ወጣት ነርሶች ፎቶዎቹን እንዳሳያቸው ለመኑኝ። አሳየኋቸው። አንዷ “ሲስተር፣ ከዚህ ሁሉ ዓመት ምን ትመክሪናለሽ?” አለችኝ። የነገርኳትን እዚህ እጽፈዋለሁ። ፎቶ ጀርባም ላይ ሆነ የበሽተኛ ካርድ ላይ፣ ነገሩ የሆነበትን ቀን ጻፉ፤ የጻፋችሁበትን አይደለም። ከተሳሳታችሁ፣ ባወቃችሁበት ቀን ተናገሩ።